ሼህ ማዳር፦ በመምህራቸው ምክር ከሐረር ወጥተው ሐርጌሳን የቆረቆሩት ሰው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሐረር ተነስቶ ወደ በርበራ ወደብ የሚያቀና ሲራራ ነጋዴ፣ የጀጎልን በር ከኋላው ከተወ በኋላ እስከ ባሕሩ ድረስ ሌላ ከተማ አይገጥመውም ነበር። ቡናውን፣ ቆዳውንና የዝሆን ጥርሱን በግመል ጭኖ ብዙ ቀናት ይጓዛል። የሚያርፈው ውሃ በሚገኝበት ስፍራ ብቻ ነው። ሲመሽ ግመሎቹን በእሾህ አጥር ውስጥ አስገብቶ፣ ዘብ አቁሞ ያድራል፤ ሲነጋ ጭኖ ይነሳል።

ከእነዚህ የውሃ ማረፊያዎች አንዱ ዓመቱን ሙሉ በማይፈስስ ወንዝ ዳር የሚገኝ፣ ዛፍ የበዛበት ስፍራ ነበር። አርብቶ አደሩ ከብቱን ያጠጣበታል፤ ሲራራው ጥሙን ይቆርጥበታል። ቤት ሠርቶ፣ እህል ዘርቶ የሚቀመጥበት ሰው ግን አልነበረም። ዛሬ በዚያ ስፍራ ላይ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ትገኛለች።

ከተሞች ብዙውን ጊዜ የሚቆረቆሩት በንጉሥ ድንኳን፣ በጦር ሰፈር ወይም በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው። የአዲስ አበባ ልደት ከእቴጌ ጣይቱና ከፍልውሃ፣ የድሬዳዋ ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ጋር ይነሳል። የሐርጌሳ ታሪክ ሲተረክ በመጀመሪያ የሚጠሩት አንድ የሃይማኖት መምህር ናቸው። ሠራዊት አልነበራቸውም፤ ግብር የማስከፈል ሥልጣንም አልነበራቸውም። የመጡት ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ነበር። ስማቸው ሼህ ማዳር አህመድ ሽርዋ ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበርበራ እስከ ጀጎል

ሼህ ማዳር የተወለዱት በ1825 ገደማ ነው። ትውልዳቸው ከኢሳቅ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከሀብር አወል፣ በውስጡም ከሳአድ ሙሳ ወገን ነው። የሀብር አወል ሰዎች ኑሯቸው በበርበራ ወደብና ከወደቡ ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ግመልና በግ ያረባሉ፤ ይነግዳሉ፤ መንገደኛውን ነጋዴም በአባንነት፣ ማለትም ከለላ ሰጥተው ከአገር አገር በማሸጋገር ያገለግላሉ።

በዚያን ዘመን በርበራ ራሷ የግማሽ ዓመት ከተማ ነበረች። ሙቀቱ በሚበርድባቸው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከዓረቢያና ከሕንድ መርከቦች ይመጣሉ፤ ከደጋው ሲራራው ይወርዳል፤ በሺህዎች የሚቆጠሩ ጎጆዎች በባሕሩ ዳር ይተከላሉ። በጋው ሲከር ሁሉም ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል፤ ስፍራው ጭር ይላል። ታዳጊው ማዳር የመጀመሪያውን የሃይማኖት ትምህርት የቀሰሙት በዚህች በምትተከልና በምትነቀል ከተማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉዟቸው ወደ ሐረር ሆነ። ሐረር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የታጠረች፣ አምስት በሮች ያሏት፣ የራሷን ገንዘብ የምታትም፣ በአሚሮች የምትተዳደር ከተማ ነበረች። በጠባብ መንገዶቿ መስጂዶችና የወሊዮች መቃብሮች ተቀራርበው ይታያሉ። ከሶማሌ ቆላ፣ ከኦሮሞ አገርና ከአርጎባ የሚመጡ ተማሪዎች ካቢር በሚባሉት መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው ቁርዓንን፣ የሸሪዓ ሕግንና የዓረብኛ ሰዋስውን ይማሩ ነበር። ተማሪው በእንጨት ሉሕ ላይ የጻፈውን ያጠናል፤ ሲሸመድደው አጥቦ ሌላ ይጽፋል። ከአገሩ ርቆ የመጣ ተማሪ የሚኖረው በከተማው ሰው ምጽዋት ነው። የቆሎ ተማሪን ሕይወት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ሼህ ማዳር በሐረር ለብዙ ዓመታት ተምረዋል። መምህራቸው ካቢር ኸሊል ይባሉ ነበር። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ሐረር ገብቶ አሥር ቀናት በቆየበት ጊዜ በከተማዋ ስመ ጥር ከነበሩት ዑለማዎች መካከል ካቢር ኸሊልን በስም ጠቅሷል። ከበርበራ መንገድ የመጡት ደቀ መዝሙር እንግዲህ የተማሩት በከተማዋ ከታወቁ ሊቃውንት ከአንዱ ዘንድ ነበር።

ከትምህርቱ ጋር የቃዲሪያን ጠሪቃ ሥርዓት ይዘዋል። ቃዲሪያ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ባረፉት በሼህ አብዱልቃድር አል-ጀይላኒ ስም የሚጠራ የሱፊ መንገድ ሲሆን፣ በሐረርና በሶማሌዎች ዘንድ ሥሩ ጥልቅ ነው። ለዚህ መንገድ ተከታይ ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አደራ ነው፤ የተቀበለውም ለሌላ የማድረስ ግዴታ አለበት።

ሂድና አስተምር

ትምህርታቸውን በፈጸሙ ጊዜ ካቢር ኸሊል ለደቀ መዝሙራቸው ምክር ሰጧቸው። ምክሩም ከሐረር ወጥተው፣ ዛሬ ሐርጌሳ በምትገኝበት አካባቢ የራሳቸውን ጉባኤ እንዲመሠርቱና የተማሩትን እንዲያስተምሩ ነበር።

ጠሪቃው የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። መምህሩ ብቁ ሆኖ ያገኘውን ተማሪ ፈቃድ ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ተማሪውም ሰው ባልሰፈረበት ወይም ዕውቀት ባልደረሰበት ስፍራ ጀመአ፣ ማለትም ማኅበር ይመሠርታል። ከዚያ ማኅበር ደግሞ ሌሎች ይወጣሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር የተነሱት መነኮሳት በየአገሩ ገዳማትን እንዳቀኑት፣ በወሎም ዳናና ጌታን የመሳሰሉ የሼሆች መንደሮች የዕውቀት ማዕከል እንደሆኑት፣ በሶማሌ አገርም ብዙ ቋሚ መንደሮች የተወለዱት ከእንዲህ ያለ ጀመአ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ሌላው የቃዲሪያ መሪ ሼህ አብዱራህማን አዝ-ዘይለዒ በኦጋዴን ቁሉንቁል ማኅበራቸውን ያቆሙት በተመሳሳይ መንገድ ነበር።

የመምህሩን ምክር መቀበል ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሐረር ግንብ አላት፤ ማታ በሮቿ ይዘጋሉ፤ ገበያዋ እህል አያጣም። ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ግን ከለላ የሌለው መንገደኛ በሕይወት የሚያልፍበት አልነበረም። በርተን ራሱ ከሐረር በተመለሰ በሦስተኛው ወር በርበራ አጠገብ የሰፈረበት ድንኳን በሌሊት ተወርሮ ባልደረባው ተገድሏል፤ እሱም ጉንጩን በጦር ተወግቶ አምልጧል። ሼህ ማዳር የዚያ አገር ልጅ ቢሆኑም፣ ሊያደርጉት ያሰቡት በአገሩ ያልተለመደ ነገር ነበር። ግመልና ጎጆ ዝናብን ተከትለው በሚንቀሳቀሱበት ምድር፣ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለመኖር ነበር የመጡት።

ከሌሎች ሼሆች ጋር ሆነው የሰፈሩት በዚያው በውሃ ማረፊያ አጠገብ ነው። ቦታው አመራረጡ የታሰበበት ይመስላል። ከሐረር ወደ በርበራ የሚወርደውና ከኦጋዴን የሚመጣው የሲራራ መንገድ እዚያ ይገናኛሉ። የከፍታው አየር እንደ ባሕሩ ዳር አያቃጥልም። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ሥር ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። ሰፈሩም ጀመአ ወይን፣ ታላቁ ጉባኤ፣ የሚል ስም አገኘ።

እህል የሚጠይቅ ትምህርት

አንድ መምህር በየሄደበት ሊያስተምር ይችላል። ማኅበር ግን ዳቦ ይፈልጋል። በሐረር ተማሪውን ይመግብ የነበረው የከተማው ሰው ነው፤ በዚህ ባዶ ስፍራ ግን ለምኖ የሚበላበት ደጅ አልነበረም። አርብቶ አደሩ ወተት ቢሰጥም፣ ዝናብ ሲያጥር ከብቱን ይዞ ይርቃል። የጀመአው አባላት ያላቸው አማራጭ ማረስ ብቻ ነበር።

በአርብቶ አደሩ ሶማሌ ዘንድ በዚያን ጊዜ እርሻ የተናቀ ሥራ ነበር። የሰው ክብሩ በግመሉ ቁጥር ይለካል፤ መሬት የሚቆፍር ሰው እንደ ተሸናፊ ይታያል። የሼህ ማዳር ደቀ መዛሙርት ይህን ንቀት ተቀብለው በወንዙ ዙሪያ ማሽላ ዘሩ። ማሽላው ሐረር አካባቢ ባለው ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ ነው። የጸደዩ ዝናብ ሲጥል ይዘራል፤ ተማሪው ሉሑንም መኮትኮቻውንም ይይዛል።

እርሻው ሲሰፋ ሌላ ጥያቄ መጣ። በደጉ ዓመት የተረፈውን እህል ማን ይያዘው? በክፉው ዓመትስ በስንት ይሸጥ? ሼህ ማዳርና አብረዋቸው የነበሩት ዑለማዎች የማሽላውን ዋጋ አንድ ወጥ አደረጉ፤ የእህሉን ማከማቸትና ለመጪው ዘር የሚሆነውን ማስቀመጥም ኃላፊነታቸው ሆነ። ድርቅ በሚደጋገምበት ምድር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እህል የያዘ ሰው በረሃብ ጊዜ የፈለገውን ዋጋ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ፣ ማኅበሩ በመጀመሪያው ድርቅ ሊበተን ይችል ነበር።

ደም በማይፈስበት ስፍራ

ከእህሉ የሚከብደው የደም ጉዳይ ነው። የሶማሌ ማኅበረሰብ ሰውን በሁለት ይከፍለዋል፤ የጦር ሰውና የሃይማኖት ሰው። የጦር ሰው ወገኑ ሲገደል ይበቀላል፤ አለዚያም የደም ካሳ ይቀበላል። ለአንድ ወንድ በልማድ የሚከፈለው ካሳ 100 ግመል፣ ለሴት ደግሞ 50 ነው። ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ከእሱ ጋር በቃል ኪዳን የታሰሩ ዘመዶቹ በሙሉ ናቸው። የሃይማኖት ሰው ግን ጦር አያነሳም፤ በእሱም ላይ አይነሳም። ሥራው በተጣሉት መካከል ገብቶ ማስታረቅ ነው።

ሼህ ማዳር የሠሩት ከዚህ ልማድ አንድ እርምጃ የሄደ ነበር። ያ ክብር ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአንድ መንደር እንዲሰጥ አደረጉ። ወደ ጀመአው የሚመጣው ሰው ከተለያየ ጎሳ ነው። አንዳንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ለንግድ፣ ሌላውም ሸሽቶ ይመጣል። ከአጥሩ ውጭ ወገኖቻቸው የሚዋጉ ሁለት ሰዎች ከአጥሩ ውስጥ በአንድ ሶላት ጎን ለጎን ይቆማሉ። በመካከላቸው ጠብ ቢነሳ ጉዳዩ ወደ ሼሁ ይቀርባል፤ እሳቸውም በሸሪዓ ይዳኛሉ።

ይህ እንዲሠራ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉ ነበር። አንደኛው፣ መሬቱና መንገዱ በእጁ የሆነው የሼሁ የራሳቸው ወገን ስፍራውን ማክበር አለበት። ሁለተኛው፣ ሌሎቹ ጎሳዎች ሼሁ ለወገናቸው እንደማያደሉ ማመን አለባቸው። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይላላል። ሼህ ማዳር ከሀብር አወል ሽማግሌዎች እንደ አንዱ ተቆጥረው፣ በዚያው ጊዜ በአገሩ ቃዲሪያዎች መሪነት መኖራቸው ይህን ሚዛን ለአሥርተ ዓመታት እንደጠበቁት ያሳያል።

የዕውሮችና የአንካሶች ከተማ

በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሶማሌ አገር ደጋግሞ የተጓዘው እንግሊዛዊ መኮንን ስዌይን ሐርጌሳን አይቶ ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው በ1895 ነው። ባየበት ጊዜ ስፍራው በአጥር የተከበቡ በርካታ ጎጆዎች፣ በዙሪያውም ሰፊ የማሽላ እርሻ የነበረበት መንደር ሆኖ ነበር።

ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ትኩረት ይስባል። መንደሩ በዕውሮችና በአንካሶች የተሞላ እንደነበርና እነሱም በሼሁና በደቀ መዛሙርታቸው ጥበቃ ሥር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል።

የአርብቶ አደርን ሕይወት ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ከብት ተከትሎ በሚጓዝ ቤተሰብ ውስጥ መራመድ ያቃተው ወይም ዓይኑ የጠፋ ሰው ከባድ ሸክም ነው። ድርቅ ሲገባና ጉዞው ሲረዝም ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እሱ ነው። የማይንቀሳቀስ መንደር፣ የተከማቸ ማሽላና በር የማይዘጋ መምህር ባሉበት ስፍራ ግን እንዲህ ያለው ሰው መኖር ይችላል። ሐርጌሳ ከነጋዴው እኩል መድረሻ ያጣውንም ሰው ነበር የሰበሰበችው።

በመንግሥታት መካከል

ሼህ ማዳር በኖሩበት ዘመን አገሩን የሚያዙት ኃይሎች ደጋግመው ተለዋወጡ። በ1875 የግብፅ ጦር በራዑፍ ፓሻ እየተመራ ሐረርን ያዘ፤ የከተማዋ አሚርም ተገደሉ። በርበራም በግብፆች እጅ ገባች። ግብፆቹ በ1884 እና በ1885 ለቀው ሲወጡ እንግሊዝ በባሕሩ ዳር ተተካች፤ በ1884 ከሀብር አወል ሽማግሌዎች ጋር ውል ተፈራረመች። በሐረር አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ነገሡ። በጥር 1887 ግን በጨለንቆ ጦርነት ተሸነፉ፤ ከተማዋም በምኒልክ ሥር ሆና በራስ መኮንን መተዳደር ጀመረች። የምኒልክ ጦር ወደ ጅግጅጋ ሲዘልቅ፣ በመካከል ላለው አርብቶ አደር ግብርና ዘመቻ የዕለት ስጋት ሆኑ።

በግንቦት 1897 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል በደጋውና በባሕሩ ዳር መካከል ድንበር ተበጀ። ሐርጌሳ በእንግሊዝ በኩል ቀረች። ሐረር፣ አብዛኛው የሐውድ ግጦሽም ጭምር፣ በኢትዮጵያ በኩል ሆነ። የመምህሩ ከተማና የደቀ መዝሙሩ ከተማ በሁለት መንግሥታት ተከፈሉ። አርብቶ አደሩ ግን እንደ ወትሮው ዝናቡን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ማለቱን ቀጠለ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ፈተና የመጣው ከውስጥ ነው። በ1899 ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን የደርቪሾችን ንቅናቄ አስነሱ። ሰይዱ የሷሊሂያ ጠሪቃ ተከታይ ነበሩ፤ እንግሊዝንና ኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን በወሊዮች አማላጅነት የሚያምኑትን ቃዲሪያዎችም አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። ነቀፋው ወደ ደም ተለወጠ። በ1909 የደቡቡ ታላቅ የቃዲሪያ መሪ ሼህ ኡወይስ በሰይዱ ተከታዮች ተገደሉ። ጦር የማይነሳበት የሃይማኖት ሰው የሚለው የጥንት ልማድ በዚያ ተሰበረ። የቃዲሪያ መንደር ለሆነችው ሐርጌሳም አደጋው የሩቅ ወሬ አልነበረም።

በ1910 እንግሊዞች ጦራቸውን ከመሐል አገር አውጥተው በባሕሩ ዳር ተወሰኑ። ለአርብቶ አደሩ ጠመንጃ አድለው ራሱን እንዲከላከል ተዉት። ጠመንጃው ለቂም መወጫ ዋለ፤ ረሃብም ተጨመረበት። ሶማሌዎች ያንን ጊዜ ሐራም የተበላበት ዘመን ብለው ያስታውሱታል። ያኔ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሼህ ማዳር፣ በወጣትነታቸው ትተውት ከመጡት የከፋ ሥርዓት አልባነት በዙሪያቸው ሲነግሥ አይተዋል።

መንደሩ ግን አልተነቀለም።

ከዚያ በኋላ

ሼህ ማዳር ያረፉት የአንደኛው የዓለም ጦርነት በሚያበቃበት ወቅት፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ነው። በ1920 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የደርቪሾችን ምሽግ ደብድበው ንቅናቄው ሲያከትም አልደረሱም። በ1941 እንግሊዝ የግዛቷን መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ስታዛውርም በሕይወት አልነበሩም። ማኅበራቸው የመንግሥት ከተማ ሆነ፤ አስተዳዳሪዎች፣ ፖሊሶችና ጸሐፊዎች ቀድሞ ማሽላ ይዘራበት በነበረው አቅራቢያ ቢሮ ሠሩ።

ከተማዋ ከዚያ የባሰም አይታለች። በ1988 በሲያድ ባሬ መንግሥት የአየርና የመድፍ ድብደባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ፤ ነዋሪዋ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። የተሰደደበት አቅጣጫ ሼህ ማዳር ከመቶ ዓመት በፊት የመጡበት ነበር። ሶማሊላንድ በ1991 ነጻነቷን ስታውጅና ስደተኛው ሲመለስ፣ ጠመንጃ ያስፈቱትና ጎሳዎችን ያስታረቁት በአመዛኙ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። በ1993 ቦረማ ላይ ለወራት የተቀመጡት ሽማግሌዎች የተጠቀሙበት መሣሪያ በጀመአው አጥር ውስጥ ከሚታወቀው ብዙ የራቀ አልነበረም፤ በአንድነት መቀመጥ፣ ካሳን መቁጠርና በቃል መታመን።

ሐርጌሳ ስሟን ከየት እንዳገኘች ሲጠየቅ ሰዎች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። አንዳንዱ ከቆዳ ንግድ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ወደ ሐረር የሚወስድ ማለት ነው ይላል። ትንሿ ሐረር የሚል ፍቺ የሚሰጡትም አሉ። የትኛውም ትክክል ይሁን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ዞረው የሚመለሱት ሼህ ማዳር ወደተማሩባት ከተማ ነው።

መንገዱም አልተዘጋም። ዛሬ ከሐረርጌ ደጋ ጎሕ ሳይቀድ የተቆረጠ ጫት በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ በየዕለቱ ሐርጌሳ ይገባል። ከበርበራ የተነሱ የጭነት መኪኖችም በተቃራኒው ወደ ኢትዮጵያ ይወጣሉ። አሽከርካሪዎቹ ሐርጌሳ ሲደርሱ እንደ ጥንቱ ሲራራ ውሃ ለመጠጣት ይቆማሉ፤ አሁን ግን የሚቆሙት በከተማ ውስጥ ነው።